ኮምፒውተሩን ሳልጠይቀው የቀረሁበት ዓርብ

ከጎንደር የመጡ አይሁድ በሰፈሩበት ኮረብታ፣ ጊቫት ሃሞሬ፣ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዓይናቸው ደክሞ፣ በስግድ በዓል የሚደርሰውን ጸሎት ለማንበብ ተቸገሩ። እኔ እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነውና የግዕዙን ፊደል አጉልቶ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ላይ ልገነባው፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ልለውጠው፣ ሄድኩ።

ከግንባታው በፊት አንድ አጣሪ ፋይል ማሽኑን ይመረምራል። ይህ ፈንክሽን፣ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አለህ? ያ ማክሮ፣ አጭር ስም የተሰጠው የኮድ ቁራጭ፣ ታውቀዋለህ? እያለ ይሞክርና መልሱን በስክሪኑ ላይ ይደረድራል። ማሽኑ የሌለውን፣ እኔ በጻፍኩት ምትክ ይሞላዋል።

እኛ ጎንደር ስናድግ ግን እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ «ይህ አላችሁ?» አይልም፤ ነውር ነው። ቄሱም ባለቤታቸውም እንግሊዝኛ ባያውቁም፣ አጣሪው የሚጽፈው «ኖ» የለም ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። ያ ሁሉ «ኖ» በባለቤታቸው ፊት ሲወርድ ታየኝና አፈርኩ። ስለዚህ የራሴ ኮምፒውተር የሰጠውን መልስ፣ ሁሉም «አለ» የሆነውን፣ ቀድቼ ይዤ ሄጄ ነበር።

ግንባታው መጨረሻው ላይ ቆመ። አለ ያልኩትን ፈንክሽን ፈልጎ አጣው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ሳልጠይቀው የሌለውን አለው ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«አሮጌ ነው ብዬ እንዳላሳፍርዎ።»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት፣ ኮምፒውተሩን በዕብራይስጥ ስሙ እየጠሩ፣ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! ይህ ማህሼቭ እኮ ልጃችን ሲያገባ ጥሎት የሄደው ነው። ጠይቂው፣ አይከፋውም!»

ቄሱ አልሳቁም። «እኔም ዓይኔ ያያል እያልኩ በቃሌ ስወጣው ከረምኩ። አምና አንድ አንቀጽ ዘለልኩ። ሕዝቡ ሰምቶ ዝም አለኝ፤ እንዳያሳፍረኝ።»

የቀዳሁትን መልስ አጥፍቼ አጣሪውን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። አለ፣ አለ፣ ኖ፣ አለ፣ ኖ። ባለቤታቸው ከኋላዬ ቆመው «ይኸው ደግሞ ሌላ!» ይላሉ። ኖ ባለበት ሁሉ የእኔ ምትክ ገባ፤ ግንባታውም አለቀ። የዕለቱ የመጨረሻ አውቶቡስ ግን አመለጠኝ፤ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ቁልቁል በእግሬ ልሮጥ ነው።

ፊደሉ አውራ ጣት አክሎ ወጣ። ቄሱ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። እኔም ሻሼን እንዳሰርኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እዚህ ነበር» አሉና አነበቡት።