ለፈይሩዝ የተላከው እንገር

ቡርቱካን ያልጠረጠረችው ሰው መርሳ ከተማ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ወፍጮ ቤት እህሏን ሁለቴ ታስመዝናለች፤ ዶሮዋ እንቁላል ብታዘገይ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጎረቤት አጥር ነው። ተይ ሲሏት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች።

ያለቻት አንዲት ላም በተከታታይ ሦስት ጥጃ ወልዳ ሁሉም ወር ሳይሞላቸው አለቁ። እዚህ ላይ የቡርቱካን ጥርጣሬ ወዲያ ወዲህ አላለም። ጎረቤቷ ፈይሩዝ የመጀመሪያዋን ጥጃ አይታ «ምን የመሰለች!» ስትል ማሻአላህ ማለቱን ረስታው ነበር፤ ጥጃዋም በሳምንቷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቡርቱካን መላ ዘየደች። ላሟ በወለደች ቁጥር እንገሩን፣ ያንን ወፍራም ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ አልባ ለፈይሩዝ ትሰጣለች። ከእንገሩ የቀመሰ ሰው ዓይኑ ጥጃዋን አይጎዳም ብላ ነው። ጥጃዋንማ እንገር ሆዷን ይነፋታል ስለሚባል፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ከእናቷ ታርቃታለች።

ዘንድሮም ላሟ ረፋድ ላይ ወለደች። ቡርቱካን ጥጃዋን ጓዳ ደበቀችና እንገሩን በጆግ ለፈይሩዝ አድርሳ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ፈይሩዝ ጆጉን እንደሞላ ይዛ መጣች። ቡርቱካን ደነገጠች። በሩ ላይ ተገትራ መግቢያ አሳጣቻት።

«ጥጃይቱ ጠብታለች?» አለች ፈይሩዝ።

«ምን አገባሽ?»

«የእንስሳት ባለሙያው ሰሞኑን እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ጥጃ በተወለደች በሰዓቷ እንገር ካልጠጣች በሽታ የምትቋቋምበት አቅም የላትም አለኝ። የኔዋ ጥጃ ጠጥታ ይኸው ትዘላለች። ቡርቱኬ፣ እስከ ዛሬ ስትሰጪኝ የበላሁት የጥጆችሽን ድርሻ ነው። ዛሬስ አላህን ፈራሁ።»

ቡርቱካን ጆጉን ተቀብላ አሸተተችው። ምን ጨምራበት ይሆን? ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ያው የላሟ እንገር ነው። ከጓዳ የጥጃዋ ድምፅ ሰልሎ ተሰማ። ቡርቱካን እያመነታች ከበሩ ገለል አለች።

ፈይሩዝ «ቢስሚላህ» ብላ ጣቷን እንገሩ ውስጥ እየነከረች ጥጃዋን አጠባቻት። ጥጃዋ በእግሯ መቆም ስትጀምር ሁለቱ ደግፈው ከእናቷ ጡት አገናኟት።

ጥጃዋ ወር አልፏት ስትቦርቅ ያየ ሁሉ ቡርቱካንን እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። እሷ ግን ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። ሦስቱን ጥጆች የጨረሰቻቸው በገዛ እጇ መሆኑን ስታስብ ይቆጫታል። ጥፋተኛዋ ፈይሩዝ ሆና ብትገኝ ይቀላት ነበር።