አባዬና የተራራው ገዳም ምሰሶ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... የታይላንድ ተወላጅ የሆነችው ጎረቤታችን ኖይ ትልቅ ድስት ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። መኪናዋ አልነሳ ብሏታል። ተራራው ላይ ላለው የቡድሃ ገዳም ምሳ የማድረስ ተራዋ ነው፤ መነኮሳቱ ደግሞ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። ሶ... ከምንኖርባት ከቡሪየን ሁለት ሰዓት ልንነዳ ነው።

አባዬን ብቻቸውን ትቼ መሄድ አልፈለግኩም። ሆሳዕና ላይ ስንት ቤት ያቆሙ አናጺ፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ዝም ነው። የቤተክርስቲያን ሽማግሌም ናቸውና የምንሄድበትን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ እግሬን አላስገባም። መኪና ውስጥ እጠብቃችኋለሁ።»

«ኦኬ አባዬ።»

ደርሰን ፓርክ አደረግኩ፤ ምሳውም በሰዓቱ ገባ። ተመልሼ ስመጣ ግን መኪናው ባዶ ነው! በምሰሶ ላይ በቆመው የጸሎት አዳራሽ ዙሪያ ስሮጥ... ከወለሉ ስር ሁለት እግር ወጥቶ አየሁ። የአባዬ ጫማ ነው።

«አባዬ! ምን ሆኑ?»

«ዝም በል፣ ምሰሶው እየበሰበሰ ነው።»

«አልገባም ብለው አልነበር?»

«መች ገባሁ? ስሩ ነኝ።»

ጎንበስ ስል አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አጠገባቸው ተጋድመው ባትሪ ያበሩላቸዋል። እኔም ላስተረጉም ገባሁ፤ ምን አደርጋለሁ!

መነኩሴው ከገዳሙ መሥራቾች አንዱ ናቸው። ቦታው ድሮ የእንጨት ቆራጮች ካምፕ ነበር አሉን። የመጀመሪያውን ክረምት በድንኳን ነው ያሳለፉት። መጀመሪያ የሠሩትን ጣሪያ በረዶ ስለናደባቸው፣ ይሄኛውን ለጸሎት እንደተገጠሙ መዳፎች ሹል አደረጉት። ሥርዓታቸው ደግሞ የቆመ ዛፍ መቁረጥ አይፈቅድላቸውም። ምሰሶዎቹ ሁሉ ነፋስ ከጣለው አንድ ግዙፍ ዝግባ የወጡ ናቸው።

አባዬ ምሰሶውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «እንጨቱ ጥሩ ነው። ግን አፈር ላይ እንዴት ያቆሙታል? ድንጋይ ይግባበት በላቸው።»

ነገርኳቸው። መነኩሴው ሳቁ። «ምነው ያኔ እርስዎን ባገኘን!»

ከሰዓቱን ሙሉ ወለሉን በጃክ ስናነሳ፣ ከምሰሶው እግር የበሰበሰውን ስንቆርጥ፣ ድንጋይ ስናስገባ ዋልን። አባዬ ጭቃ በጭቃ ሆነው ያዙናል... «ያዝ! ቀስ! በቃ!» መነኩሴው ሳይቀሩ የሚያማቸውን ጉልበት እያሻሹ «በቃ» ማለት ለመዱ።

ስንመለስ አባዬ እስከ ቡሪየን ድረስ ስለ እንጨት አወሩኝ። እንዲህ ብዙ ሲያወሩ የሰማሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በማግስቱ ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል አባዬ ብድግ አሉ።

«ተራራ ላይ አንድ ወዳጅ አለኝ። ጉልበቱን ያመዋል። ጸልዩለት።»

ፓስተሩ «አሜን! ወንድማችን የየትኛው ቸርች አገልጋይ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ስለ መነኩሴው መሆኑ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባዬ ግን ቅንጣት አላመነቱም።

«አናጺ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ጉባኤው ጸለየ... ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።