የኢናብ ቤት መደብ

እህቴ ባልቢና ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ድንጋይ ላይ ቆማ የቤት ስም ስትጠራ ኖራለች። ወረቀት ይዛ አታውቅም። ወጣቱ ቄሳችን አባ ክሊፍተን ከከተማ እንደመጡ፣ "እትዬ ባልቢና፣ ስሙን በኮምፒዩተር ልጻፍልዎት?" ቢሏት፣ "አባ፣ እርስዎ አባታችን ሆይን በወረቀት ነው የሚደግሙት?" ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

በዓል ሲሆን አሳማው ይቀቀልና እኩል እኩል ተቆርጦ በቀርከሃ ስንጥር ይሰካል፤ የአንድ ቤት ድርሻ መደብ ይባላል። ባልቢና ከምንጩ ትጀምርና ዳገቱን ይዛ ወደ ላይ ቤቱን በየተራው ትጠራለች። "የአበን ቤት!" ስትል ከቤቱ አንዱ ተነስቶ "አለን!" ይልና መደቡን ይቀበላል። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ከጎኗ ነኝ። በእኛ መንደር በላብዳን ስሙ የተጠራ ቤት፣ ቤት ነው። ምንጩ የእሱ ነው፣ የጥድ እንጨቱ የእሱ ነው፣ የመቃብር ቦታው የእሱ ነው። ያልተጠራ ግን እንግዳ ነው፤ እስኪጠግብ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይሸኛል። አንዴ የተጠራ መደብ ደግሞ ወደ ቅርጫት አይመለስም። ሰው ካልተነሳለት ሙት ተነሳለት ይባላል፤ ሙቱም ዓመት ሳይሞላ አንድ ሰው አስከትሎ ይሄዳል። እኛ ተጠምቀናል፣ ቆርበናል፣ እንዲህ ያለውን አናምንም። ግን ልሞክረው የሚል ጀግና እስካሁን አላየሁም።

ባልቢና ባሏን ያጣችው የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ልጅ አልወለደችም። ባቄላዋን ትሸጣለች፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ትናገራለች፦ ማን ታመመ፣ የማን እርሻ እጅ ይፈልጋል፣ የሴቶች ማኅበር መቼ ይሰበሰባል። የታመመውን ራሷ ቀድማ ጠይቃው ስለምትመጣ ስንት ማንኪያ ገንፎ እንደበላ ሳይቀር ትነግረናለች። ቃሏ ቃል ነው። እኔ ታናሿ ሉድቪና ግን ምላሴ አያርፍም፤ እሷ ዝም ባለች ቁጥር የእሷንም ድርሻ እናገራለሁ።

በጥቅምቱ የዶፍ ዝናብ ማዕበል ከሸለቆው ማዶ ያለው የፓድያን መንደር ተራራው ተናደበት። አሥራ አንድ ቤተሰብ አወጣንና በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አስገባን። ወንዶቻችን ዘጠኝ ቀን ጭቃ ቆፈሩ። ጭቃው ከዋጣቸው ውስጥ ፋውስቶ የሚባለው ሰው ብቻ አልተገኘም። ቀስ በቀስ አሥሩ ቤተሰብ ወደየዘመዱ ሄደ። የፋውስቶ ሚስት ዞራይዳና የአራት ዓመት ልጇ ግን ዘመድ የላቸውም። ዞራይዳ ጠዋት ጠዋት አዳራሹ መስኮት ላይ ትቆምና ማዶ ተራራው የተናደበትን ቀይ ቁስል ታያለች፤ ከዚያ የሰው ባቄላ ልትለቅም ትወጣለች። ለምና አታውቅም።

ጥር ላይ የሰባት አጥቢያ ሴቶች ጉባኤ እኛ ዘንድ ሆነ። ኤጲስ ቆጶሱ ይመጣሉ፣ ሁለት መቶ ሴት አዳራሹ ውስጥ ያድራል፣ እሁድ በዓል ይደረጋል። በዚያው ሳምንት ከወረዳው ሰው መጣና፣ መንደር ውስጥ ቤት የሌለውን ተፈናቃይ ሁሉ ከበዓሉ ማግስት ሰኞ ጠዋት መኪና ጭኖ ቆላ ወዳለው ሰፈራ ይወስዳል አለ።

ዞራይዳ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። "እትዬ፣ ፋውስቶን ጥዬው የት ነው የምሄደው? አንድ ቀን ዝናቡ ቢያወጣውስ? ማን ይለየዋል?" ብቻ አለች።

አባ ክሊፍተን ደግሞ የዋህ ናቸው። "ምን ችግር አለ? እሁድ አንድ መደብ እንስጣት!" አሉ።

"አባ፣" አለች ባልቢና፣ "ሥጋ መስጠትማ ለመንገደኛም ይሰጣል። ስም ነው የሚያስፈልጋት። ስም ለመጥራት ደግሞ በር ያስፈልጋል።"

ባዶ በር አንድ ብቻ ነበር፤ የእማማ ኢናብ ቤት። ኢናብ ኅዳር ላይ ሞተች፣ ልጅ የላትም፣ ወራሿ የወንድሟ ልጅ ጋሼ ላንግባን ነው። ላንግባን የሽማግሎቻችን አውራ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፋውስቶን ፍለጋ ከቆፈሩት አንዱ ነው። ግን ባጊዮ ከተማ የሚሠራ ልጁ ያንን ቤት የቱሪስት ማረፊያ ላድርገው ብሎ ቆርቆሮ ሳይቀር ገዝቷል። እኔና ባልቢና ሐሙስ ዕለት ሄድን። ላንግባን ገና ከሩቅ ሲያየን ነገሩ ገብቶታል።

"ባልቢና፣ ለቡና አይደለም የመጣሽው።"

"አይደለም ጋሼ። ለኢናብ ቤት ነው።"

"የኢናብ ቤት የልጄ ነው።"

"ልጅህ አምስት ዓመት ገናን እንኳ እዚህ አልዋለም!" አልኩ እኔ።

"አንቺ ደግሞ፣ መቼ ነው ሳትጠየቂ ዝም የምትዪው?"

"ስሞት!"

"እንግዲህ እንጠብቃለን፣" አለ ላንግባን። ወደ ባልቢና ዞረ። "ስሚኝ። ዛሬ የዞራይዳን ስም ብትጠሪ ነገ በር ትጠይቃለች፣ ከነገ ወዲያ እርሻ። የእሷንም የባሏንም ስም እንዳትጠሪ። ከጠራሽ እኛ ሽማግሎች ተነስተን ግቢውን ለቀን እንወጣለን። ኤጲስ ቆጶሱ ፊት። ቃልሽን ስጪኝ።"

ሽማግሎች ጥለው የወጡበት በዓል እንደ ፈረሰ ይቆጠራል። ሁለት መቶ ሴት ከሰባት አጥቢያ መጥታ የፈረሰ በዓል ይዛ ልትመለስ ነው። ባልቢና፣ "የእሷንም የባሏንም ስም አልጠራም" አለች። እኔ መንገድ ላይ እስክንደርስ እንኳ አልታገስኩም።

"ሸጥሻት! ለበዓል ብለሽ ሸጥሻት!"

"ዝም በዪ ሉድቪና።"

"አልልም! ሰኞ ያቺን ልጅ መኪና ላይ አንቺ ነሽ የምትሰቅያት። እኔ እጄን አላስገባበትም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "ሌሊቱን ሙሉ ቤቶቹን ስቆጥር ነው የማድረው፣" አለች። "የእሷ የቱ ጋ እንደሚገባ ሳላውቅ እቆጥራለሁ።" ከዚያ እስከ እሁድ አልተነጋገርንም።

እሁድ ግቢው ሞላ። ነጋሪቱ፣ ጭፈራው፣ ከየአጥቢያው የመጣችው ሴት ባለ መስመር ሽርጧን ለብሳ ስትገባ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ያን ቀን ግን ማንንም ሳልሳለም ቅርጫቴን ይዤ ቆምኩ። የዞራይዳ ሁለት ከረጢት አዳራሹ በር አጠገብ ተቀምጧል። እሷ ራሷ ከድስቶቹ ጀርባ ሳህን ታጥባለች። ልጅቷ ቀሚሷን ይዛለች። ላንግባን ከሽማግሎቹ ጋር በድንጋይ መቀመጫው ላይ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ፣ ዓይኑን ከባልቢና አይነቅልም።

ባልቢና ድንጋዩ ላይ ወጣች። "የአበን ቤት!" "አለን!" "የሊኪጋን ቤት!" "አለን!" ድምፅዋ ደርቋል፣ ግን ሳትሰናከል ዳገቱን ወጣችው። እኔ ሥጋውን እያነሳሁ አቀብላታለሁ። ከዞራይዳ ወዲያ ምንም አይታየኝም። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ጎንበስ እያለች ሳህኑን ትፈትጋለች።

"የላንግባን ቤት!"

"አለን!" ሚስቱ ተነስታ ወሰደች።

"የኢናብ ቤት!"

ጨዋታው ቆመ፣ ነጋሪት የያዙት ልጆች ሳይቀሩ እጃቸው ቆመ። የባልቢናን ፊት አየሁት፤ ደሙ ሁሉ ሸሽቷል። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አስባ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከላንግባን ቀጥላ ኢናብን ነው የጠራችው፤ ዘንድሮ ደግሞ በማዕበሉ ሐዘን ገናን አሳማ አላረድንም፣ ኢናብ ከሞተች ይህ የመጀመሪያው በዓላችን ነው። አፏ በለመደው መንገድ ሄዶ ሙት ጠራ። መደቡ እጇ ላይ ነው፣ ይንጠባጠባል፣ ወደ ቅርጫት አይመለስም።

"ኢየሱስ ማርያም፣" አለች ከኋላዬ አንዷ። አንዲት እናት ሕፃኗን አንስታ ጉያዋ ከተተች። ዓይን ሁሉ ወደ ላንግባን ዞረ፤ ወራሹ እሱ ነዋ። ግን እሱ ሊነሳ አይችልም። የራሱን መደብ ሚስቱ ይዛዋለች፤ ሁለት መደብ የሚበላ ቤት የሆዳምነት ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አባ ክሊፍተን በጎን ሹልክ ብለው ዞራይዳ ጋ ደረሱ። "ተነሺ!" ሲሏት ሰማሁ። "እግዚአብሔር የሰጠሽ ነው፣ አለን በዪና ውሰጂ! አሁን ማን ይከለክልሻል?"

እኔም በልቤ ተነሺ፣ ተነሺ እላለሁ። ዞራይዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ልጇን አቀፈች፣ መጥታ ግቢው መሀል ቆመች። ላንግባን ከመቀመጫው ግማሽ ተነስቷል።

"ያ ቤት የእኔ አይደለም፣" አለች ዞራይዳ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ሁሉም ሰማ። "የሞተች ሴት ስም ሰርቄ አልበላም። ባል አለኝ። በባሌ ስም ከጠራችሁኝ አለን እላለሁ። ካልጠራችሁኝ ከረጢቴን አስሬያለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ።"

ባልቢና መደቡን እንደያዘች ወደ ላንግባን ዞረች። እህቴ በሕይወቷ ቃል አጥፍታ አታውቅም፤ ለአህያ ሻጭ እንኳ።

"ጋሼ ላንግባን፣ ሐሙስ የሰጠሁህን ቃል ሰው እየሰማ እመልስልሃለሁ። ውሸታም በለኝ። ከዚህ ድንጋይ አውርደኝ።" ከዚያ ወደ ግቢው ዞራ በቀረው ድምፅዋ ጮኸች። "የፋውስቶ ቤት!"

"አለን!" አለች ዞራይዳ። ልጅቷም ተከትላ "አለን!" አለች።

ላንግባን ቆመ። ሌሎቹ ሽማግሎች እሱን እያዩ ቆሙ። ይሄው ሊወጡ ነው አልኩ። እሱ ግን ወደ በሩ አልሄደም። ዱላውን እየተከለ መጥቶ ዞራይዳ ፊት ቆመ።

"በሩ የት ነው?" አላት። "የተጠራ ቤት በር አለው። የፋውስቶ በር የት ነው?"

ዞራይዳ እጇን ዘርግታ ማዶውን አሳየችው። "ጭቃው ውስጥ። አንተም ፈልገኸው አጥተኸዋል።"

ላንግባን ዞሮ ማዶውን አየ።

"እኔ የአክስቴን ስም ትወስዳለች ብዬ ነበር የፈራሁት፣" አለ፣ ለእሷ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም። ከዚያ ካፖርቱን ከፍቶ ኪሱ ውስጥ ሲጎረጉር ቆየና የኢናብን ቤት ቁልፍ አወጣ። "ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ቆርቆሮ ተገዝቷል። ነገ መኪናው ሲመጣ በርሽ ላይ ቆመሽ አልሄድም በያቸው።"

"ጋሼ... ልጅህስ?" አለች ዞራይዳ።

"ለልጄ እኔ እነግረዋለሁ። ምን አገባሽ? ሥጋሽን ተቀበዪ፣ ሴትየዋ ክንዷ ዛለ።" ባልቢናን ቀና ብሎ አያት። "አንቺም ቀጥዪ እንጂ! ሰዉ ርቦታል።"

ዞራይዳ መደቡን ተቀበለች። ልጅቷ ስንጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። ባልቢና እንደገና ወደ ዳገቱ ዞረች። ቀጣዩ የእኔ ቤት ነበር። ሁለቴ ጠራችው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ እኔ ያቺ ምላሴ የማታርፈው ሴት "አለን" የምትለዋን አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶኝ ቅርጫቱ ላይ አለቅሳለሁ።