አየሩ ክንፉን ሲለቅ

ዲላ የተከራየሁት ክፍል የሞተርሳይክል መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ወደ ንግድ ከመግባታቸው በፊት ለብዙ ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻን ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ አንድ የጠፈር ውጊያ ጌም አሻሽል ነበር። ጌሙን የሠሩት ሰዎች የአየርን ነገር ችላ ብለውታል፤ መንኮራኩሯ ባዶ ጠፈር ውስጥም ሆነች ፕላኔት ላይ ወርዳ አበራረሯ ያው ነው። አየር እንዲይዛት፣ ክንፏም እንዲያነሳት የሚያደርግ ኮድ እየጻፍኩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ለምሳ ሲገቡ ከኋላዬ ቆመው አዩ። የመንኮራኩሯን አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀጥ አደረግኩት፤ ፍጥነቷ እየቀነሰም ያለ ችግር ወጣች።

"ይሄ ውሸት ነው" አሉኝ።

"ምኑ ነው ጋሼ?"

መዳፋቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ቀስ እያሉ አዘነበሉት። "እስከዚህ ድረስ ያነሳሻል። ከዚህ ካለፈ አየሩ ክንፉን ይለቀዋል፤ ከዚያ መውደቅ ነው።"

አፈርኩ። ይህን አንብቤው ነበር፤ ስሌቴ ግን ገደብ አልነበረውም። ለማስተካከል ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ፤ መንኮራኩሯ አየሩ አንዴ ክንፏን ከለቀቀው መሽከርከሯን አላቆም እያለች አስቸገረችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መቆጣጠሪያውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

"ስንቱን ጠግኛለሁ፤ መሪ ግን ይዤ አላውቅም" አሉ።

ሦስት ጊዜ ወደቁ። በአራተኛው ከኢዲዶ መንደር የሞተር ሰንሰለት ሊገዛ የመጣ ሞተረኛ ሱቁ ተዘግቶ ቢያገኘው የግቢው በር ላይ ቆሞ ተጣራ።

"ቆይ፣ እያረፍኩ ነው" አሉት ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መንኮራኩሯ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ጋሼ አፍንጫዋን ፈጥነው ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው አሳረፏት።

"አሁን ልክ ነው" አሉና ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ።

ሥራውን ኢንተርኔት ላይ ሳወጣው ብዙ ተጫዋቾች ከበደን አሉ። እኔም አየሩን ማጥፋት የሚያስችል አማራጭ ጨመርኩበት። ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም።

"የእኔን እንዳታጠፊው" አሉኝ።

አላጠፋሁባቸውም። ሌላው ሰው ግን አብዛኛው አጥፍቶ ነው የሚጫወተው።