ባሱ የጠፋበት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። መኪና ውስጥ ቴፕና ስፒከር ይገጥማል፤ ይገጥማል ማለትስ ያንስበታል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ይጨፍንና «ቀኝ በር ላይ አንድ ብሎን ላልቷል» ይላል። ሄደው ሲያዩት ላልቷል! እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ጆሮው ቢከዳው ምን ይቀረዋል?

ፍርሃቱ የጀመረው ከቤት ነው። ሚስቱ ከጓዳ ትጣራለች፣ እሱ ቴሌቪዥኑ ፊት ዝም። «አንተ ሰውዬ፣ አትሰማም እንዴ?» ሰሞኑን ይህን ያላለችበት ቀን የለም። መጀመሪያ ሳቀበት። በኋላ ግን አባቱ ትዝ አሉት። አባቱ የደነቆሩት ገና ሃምሳ ሲሞላቸው ነው፤ ቀድሞ የጠፋባቸውም ወፍራሙ፣ ጎርናናው ድምፅ ነበር። እሱ ደግሞ ሃምሳን እያንኳኳ ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት ባለታክሲ መኪናዋን አመጣችለት። የምታስገጥመው አንድ ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ ሁለት ትልልቅ የባስ ስፒከሮች። «ደረቴን ነዘር ካላደረገኝ አልቀበልህም» ብላው ሄደች። ሥራው ለእሱ ጨዋታ ነው። ከባትሪው ወፍራሙን ሽቦ ሳበ፣ ፊውዝ አስገባ፣ ከምንጣፉ ሥር ቀበረው፣ ስፒከሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አፉም ሥራ አልፈታ፤ በሩን በጎማ ክምር ከዘጋበት ከጎረቤቱ ጎሚስታ ጋር ይጨቃጨቃል።

ሙዚቃውን ከፈተ። ዘፋኟ ጥርት ብላ ወጣች፣ ጊታሩም እንደዚያው። ባሱ ግን የለም። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ መጨመሪያ፣ ጌኑን፣ በካቻቢቴ ከፍ አደረገ። የለም! ዞሮ ቢያይ ስፒከሮቹ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ይርገበገባሉ።

«ወይኔ፣ እየሠሩ ነው» አለ በልቡ። «የማልሰማው እኔ ነኝ።»

የእጁን ሥራ ይጠራጠር ብትሉት እንዴት ብሎ! ጆሮውን መጠራጠር ቀለለው። ጎሚስታውን ጠርቶ ማሰማት ይችል ነበር፤ ነገር ግን «ጆሮ ደነቆረ» የሚል ወሬ ሻይ እስኪፈላ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሙዚቃውን አጥፍቶ መኪናው ውስጥ ኩርምት አለ።

ባለታክሲዋ መጣች። ቁልፉን ሰጣትና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ባሱን ሰምታ «ጎበዝ!» ካለችው አለቀለት።

ከፈተችው። አዳመጠች። ግንባሯን ቋጠረች።

«ጆሮ፣ እየቀለድክብኝ ነው? ባሱ የታለ? ትንኝ ነው እንዴ የገጠምክልኝ?»

«አይሰማሽም?»

«ምኑ ይሰማኛል!»

«ምንም? እርግጠኛ ነሽ?»

«ምንም! ደግሞ ምን ያስገለፍጥሃል?»

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜሽ ይርዘም!» ብሎ ግንባሯን ሳማት። ሴትየዋ ሰውዬው አብዷል ብላ ወደ በሩ ሸሸች።

ሣጥኑን ፈታው። ከጎሚስታው ጋር ሲጨቃጨቅ የአንደኛውን ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ አገላብጦ አስሮታል። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሁለቱ ሲጓተቱ ባሱን ይበሉታል። ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው ስሕተት! ሌላ ጊዜ ቢሆን በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ዛሬ ሽቦውን ሊስመው ምንም አልቀረው። አዙሮ አሰረው፣ ጌኑን ወደ ቦታው መለሰ፣ ከፈተ።

ባሱ መጣ። ከወንበሩ ሥር ተነሥቶ ደረቱ ውስጥ ገባ። ባለታክሲዋ «ይሄ ነው!» ብላ ጮኸች። ጎሚስታው ከውጭ «ቀንሱት እንጂ፣ ልታደነቁሩን ነው?» ይላል። ጆሮ መሪውን ተደግፎ እንባው መጣ። እፎይ!

ማታ ለሚስቱ ሁሉንም አጫወታት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ተመስገን! እኔ እኮ እንደ አባትህ ሊሆንብኝ ነው ብዬ ስንት ቀን ብቻዬን አለቀስኩ» ብላ አቀፈችው። ከዚያ እቅፏ ቀስ ብሎ ላላ።

«ቆይ ቆይ። ጆሮህ ደህና ከሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስጣራ ምን ሆነህ ነው?»

ጆሮ ወደ ጓዳው ዞረ። ሚስቱ አጥብቅልኝ እያለች ስትለምነው የከረመችው የጓዳው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ሲል ጥርት ብሎ ተሰማው። ፒንሳውን ፍለጋ ተነሣ።