አልገጥም ያለው ባሬት

አለቃዬ ያን ሐሙስ ቢሮ የገባው ፈገግ እያለ ነው። ፈገግታውን ሳይ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ደስ የማይል ወሬ ሲይዝ ነው ፊቱ የሚፈታው። ቢሮው ከወደቡ በር ወጣ ብሎ፣ የጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። እዚያ የሾፌሮችን ወረቀት በኮምፒውተር እሞላለሁ፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ የኮንቴይነር ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነትና ክብደት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። ፈረንሳይኛ ያነበብኩት ከሳጥንና ከጆንያ ላይ ነው። ቢሆንም እኔ ከሞላሁት ወረቀት ከወደቡ በር ተመልሶ የመጣ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ግን ወረቀቱ በኢንተርኔት ይሞላ ተባለ። አዲሱ ቅጽ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እስከ ግማሹ ይከፈትና ይቆማል። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ ከኋላዬ ይቆማል፣ እኔ ነጭ ስክሪን አያለሁ። ሊያይ የመጣው ባለሙያ፣ ያለችው ሜሞሪ አንዲት ባለ ሁለት ጊጋ ናት፣ አታዛልቅም ብሎ ሄደ።

«አዴር» አለኝ አለቃዬ። በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አያንስም፤ ግን እንደ ድሬ ልጅ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው፣ አክብሮቱን በ«አዴር» በኩል ነው የሚያስገባው። «አዴር፣ አንተም ኮምፒውተሩም ደክማችኋል። እሑድ አዲስ አመጣለሁ። የእህቴ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ እሷ ትቀመጥበታለች። አንተ ከእንግዲህ ቤትህ ጋደም በል።»

ሁለት ሾፌሮች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ማርጀቴን አልካድኩም፣ መስታወት ቤቴ አለ። ግን መሥራት አቅቶኝ አልነበረም የቆምኩት። ቅጹ ስለቆመ ነው የቆምኩት።

«ይሄኛው አዲሱን ቅጽ ከከፈተስ?» አልኩት።

«ይሄ?» ኮምፒውተሩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ይሄ ከከፈተማ ወንበሩ ያንተ ነው።»

«እነዚህ ሰምተዋል» አልኩ ወደ ሾፌሮቹ ዞሬ።

«ሰምተናል አባባ» አለ አንደኛው፣ ከኮምቦልቻ የሚመላለሰው። «ብንጠየቅ እንመሰክራለን።» ሦስቱም ሳቁ። እኔ ገመዱን ነቀልኩና ሜሞሪዋን ለናሙና አውጥቼ በመሐረብ ጠቀለልኳት።

የሜሞሪዋን ቁራጭ እዚህ ከተማ በፈረንሳይኛው ባሬት ነው የሚሏት። ከስንዝር ያነሰች ስስ አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፣ ላይዋ ላይ ጥቁር ጥቁር ቁራጮች የተለጠፉባት። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አሮጌ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ የደረስኩት ግን በክፉ ሰዓት ነው። የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ነበር። እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጫቱ ከገባ በኋላ ነጋዴም ሆነ ጸሐፊ እግሩ ቤቱን ነው የሚያየው። ሰውዬው የጫት እስሩን በብብቱ ይዞ፣ ቁልፉን በጥርሱ ይዞ አገኘሁት።

ናሙናዬን ተቀብሎ ከሁለት ሌሎች ባሬቶች ጎን አስተያያት። ርዝመታቸው አንድ ነው። ግርጌያቸው ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታም አንድ ናት። «አራት አራት ጊጋ ናቸው፣ ስምንት ይሆናል። አሮጌው ኦርዲናተርህ ጎረምሳ ይሆንልሃል» አለ፣ ኮምፒውተሬን በፈረንሳይኛው ጠርቶ።

«እስቲ አንዴ ይሞከሩልኝ።»

«አዴር፣ ጫቱ ይጠወልግብኛል።»

ጫት ይጠወልግ ብዬ ልከራከር አልደፈርኩም። ከፍዬ ይዤ ሄድኩ። ስህተቴ ይህ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ አላላክከውም። በዚህ ከተማ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ሰው ጫት በብብቱ ይዞ የመረጠውን ዕቃ መቀበል አልነበረብኝም።

ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ከቢሮ አንስቼ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ወደ ሰፈሬ ወደ ዋራበሌ ወጣሁ። ረዳቱ አየኝና «አዴር፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ በሶማሊኛ። «ካንተ ይበልጣል» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፣ ቦታም ሰፋ አደረጉልኝ።

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዳቦ ይዞ የሚገባ ባል ነበረኝ» አለች።

«ዛሬም አለሽ። ዳቦው ከእሑድ በኋላ የሚኖረው ይሄ ከሠራ ነው።» ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጠረጴዛውን ጠርጋ ለቀቀችልኝ።

ሁለቱን አዳዲስ ባሬቶች ሰካሁ፣ ጠቅ እስኪሉ ተጫንኳቸው። ቁልፉን ስነካው ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አጠፋሁ፣ እንደገና አበራሁ። ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«ምን እያለ ነው?» አለች።

«አልፈልግም እያለ ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይተዋል። እኔ ግን በጎልማሳነቴ የድሮው ባቡር ላይ ፉርጎ አያያዥ ነበርኩ። የባቡሩ ፍሬን አልለቅ ሲል የሆነ ቦታ አየር ያፈሳል ማለት ነው። ሠላሳ ፉርጎ ተቀጥሎ የትኛው እንደሚያፈስ በዓይን አይታይም። ያሠለጠነን ፎርማን ባቡር ተበላሸ ማለትን አይፈቅድም ነበር። «የትኛው ፉርጎ?» ነበር የሚለው። ከጭራው ጀምረን የአየሩን ቧንቧ በየፉርጎው እየዘጋን፣ አንድ በአንድ እየለየን እንሄዳለን። ጤነኛው ላይ በጠመኔ ክብ፣ የሚያፈሰው ላይ መስቀለኛ ጭረት እናደርጋለን። ሁለት ፉርጎ ባንድ ጊዜ የነካ ሰው ይሰደባል።

ቤት ውስጥ ጠመኔ አላጣሁም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እዚያው ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

«ወለሌን» አለች ባለቤቴ።

«እሑድ እኔው አጥበዋለሁ።»

በፊት የነበረችውን ባለ ሁለት ጊጋ ብቻዋን በመጀመሪያው ቦታ ሰካሁ። በራ፤ ክብ። እሷኑ አውጥቼ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሰካሁ። በራ፤ ክብ። እንግዲህ ኮምፒውተሩም ሁለቱም መሰኪያዎችም ደህና ናቸው። ከአዲሶቹ አንዱን ብቻውን በመጀመሪያው፣ ከዚያ በሁለተኛው። ጮኸ፣ ጮኸ። ሌላኛውንም እንዲሁ። የዚህ ከተማ አየር ጨው ነው፣ መዳብ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መሰኪያው ውስጥ የሚገባውን የባሬቶቹን እግር በላጲስ ፈትጌ ደገምኩ። አሁንም ጮኸ። ወለሉ ላይ ሁለት ክብና አራት መስቀለኛ ጭረት ሆነ።

ቁጭ ብዬ ጭረቶቹን አየሁ። ሁለት ባሬት ባንድ ቀን፣ ባንድ እጅ፣ ሁለቱም ሞተው አይመጡም። ባቡሩ ላይም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን ያውቃል፤ ከአንድ ሣጥን የወጡ የአየር ቧንቧ ጎማዎች ሁሉ ሲያፈሱ ጎማዎቹ ተበላሽተው ሳይሆን ለሌላ ዓይነት ፉርጎ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። የእነዚህም ነገር እንደዚያው መሰለኝ።

ዓርብ በጠዋት፣ ገና ከጁምዓ ሰላት በፊት፣ ሰውዬው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

«ሁለቱም አልሠሩም» አልኩት።

ባሬቶቹን ተቀብሎ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካቸው። በራ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው፤ ስምንት ይላል። «አየህ አዴር? የእኔ ዕቃ ጤነኛ ነው። የሞተው ያንተው ነው። የሸጥኩትን አልመልስም።»

«ጤነኛ ናቸው፣ አምናለሁ። ለእኔ ማሽን ግን አይሆኑም።»

«ቀዳዳው አንድ ነው፣ ርዝመቱ አንድ ነው። ምን ቀረ?»

«እሱን ልፈልግ ነው የመጣሁት። የአሮጌ ባሬቶች ሣጥን አለህ?»

«አለኝ። ፋይዳ የላቸውም።»

«በርጩማስ አለህ?»

አየኝ። በርጩማውን ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፣ እኔ ድምፅ የለኝም። እንደማልነሳ ግን ገባው። «ሰላት ሲደርስ እዘጋለሁ» አለና ሣጥኑን እግሬ ሥር አኖረው።

የእኔን ባለ ሁለት ጊጋ በአንድ እጄ፣ ያልሠራውን ባለ አራት በሌላ እጄ ይዤ አገላበጥኩ። ጽሑፉ ትርጉም አይሰጠኝም፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ጉንጉን ነው። መቁጠር ግን እችላለሁ። የእኔዋ ፊቷም ጀርባዋም ላይ ጥቁር ቁራጮች አሏት። ስምንት ከፊት፣ ስምንት ከኋላ። አዲሶቹ ስምንት ከፊት ብቻ፤ ጀርባቸው ባዶ ነው። እጥፉን ሸክም በግማሽ ሰው ነው የሚሸከሙት። እንግዲህ አዲሶቹ እያንዳንዳቸው ብዙ የሚይዙ ትልልቅ ሆነዋል፣ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ በተሠራበት ዘመን እንዲህ ያሉትን አያውቅም። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። በርጩማው ላይ ነው የመጣልኝ።

ከሣጥኑ ውስጥ ፊትና ጀርባቸው የሞላውን ብቻ መለየት ጀመርኩ።

«ምን ትመርጣለህ?» አለ ሰውዬው። «ሽንብራ ነው?»

«አሥራ ስድስት ጥቁር ያላቸውን። ባለ አራት ጊጋ ሆነው።»

«ባሬት በጥቁር አይመረጥም፣ አዴር።»

«ትናንት አንተ በምን መረጥክ?»

ሳቁ ሳያስበው አመለጠው፣ «በጫት» አለ። እሱም አጎንብሶ አብሮኝ መፈለግ ያዘ። ሁለት አገኘን። አንዷ እግሯ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። ያልሠሩልኝን ሁለቱን ተቀብሎ እነዚህን ሰጠኝ። «ካልሠሩ ግን እንዳትመጣ» አለ።

«ካልሠሩ ነገም እመጣለሁ።»

ቤት ገብቼ ዝገት የሌላትን ብቻዋን ሰካሁ። አልጮኸም። ስክሪኑ በራ፣ አራት አለ። ባለቤቴ ከበስተኋላዬ ቆማ ነበር፤ ጠመኔውን አንስታ ወለሉ ላይ ክብ ራሷ አደረገች። ሁለተኛዋን በላጲስ ብፈትጋት፣ በመሰኪያዎቹ ባፈራርቃት እንቢ አለች። እሷ በእውነት የሞተች ናት። ቅዳሜ ጠዋት ሌላ መላ ሞከርኩ፤ ባለ አራቷን ከድሮዋ ባለ ሁለት ጋር ጎን ለጎን ሰካኋቸው። ትልቅና ትንሽ አይጣመሩም ሲሉ ሰምቻለሁ። ተጣመሩ። ስድስት ሆነ። ስምንት አልሆነም፣ ግን ማንም ስምንት አምጣ አላለኝም።

እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው፤ ከአለቃዬ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ቦታው አስቀምጬ፣ ገመዶቹን ሰክቼ ቅጹን ከፈትኩ። ገጹ እስከ ግማሹ መጣ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ደረሰ፣ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እስከ ታች ወረደ።

አለቃዬ አዲሱን ኮምፒውተር በካርቶን አሸክሞ ሲገባ የኮምቦልቻው ሾፌር ወረቀት ከማተሚያው እየወጣ ነበር። ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ስክሪኑን አየ፣ ወረቀቱን አንስቶ አየ።

«በዚህ ነው የወጣው?»

«በዚሁ ነው።»

«ጥሩ ነው፣ አዴር። ግን እስከ መቼ ይሠራል? አዲሱ እኮ መጥቷል። ልጅቷም ነገ ትመጣለች።»

«ሐሙስ ዕለት እስከ መቼ አላልክም» አልኩት። «ከከፈተ ወንበሩ ያንተ ነው አልክ። ከፍቷል።»

ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ ወረቀቱን እያጣጠፈ «እኔ እንደዛው ነው የሰማሁት» አለ።

አለቃዬ አገጩን እያሻሸ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም። ከተናገረው መመለስ ግን በሰው ፊት ይከብዳል፣ እኔም ይህን አውቄ ነው በሰው ፊት ያስያዝኩት። ለብቻችን ሆነን ብጠይቀው ኖሮ ዛሬ ቤቴ ጋደም ብዬ ነበር።

«ለልጅቷ ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋል» አለ በመጨረሻ።

«መስኮቱ ሥር ቦታ አለ» አልኩት። «ስትመጣ ከባዱን ጭነት ቀላል እያሉ የሚያስሞሉትን ሾፌሮች አሳያታለሁ።»

«እኔን ባታሳያት» አለ የኮምቦልቻው።

አለቃዬ ካርቶኑን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። በሩ ላይ ቀጣዩ ሾፌር ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ቆሟል። ሙቀቱ ገደለኝ፣ ቶሎ በልልኝ አባባ ይላል። ግባ አልኩት። ሰሌዳውን ነገረኝ፤ አንድ ቁጥር ስላልሰማሁት እንደገና አስነገርኩት።