ስሙ ያልተጠራው ቅጠል

እኔ በቅጠላ ቅጠል የማምን ሰው አልነበርኩም። ጅማ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ «የአገር መድኃኒት ይፈተሽ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ሲወርድ በልቤ ስቄያለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ! ፔኒሲሊኑ ሁሉ ለሰሜን ጦር ግንባር ይጫናል፣ ለእኛ በጆንያ ቅጠል ይመጣልናል። ወቅጠን፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ጭማቂውን ጀርም በዘራንበት ሳህን ላይ እናሳርፋለን። ጀርሙን ከገደለው ዙሪያው ይጠራል፤ ካልገደለው ጀርሙ ይወርሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይወርሰዋል።

ከዚያ ወንድሜ ከግንባር ቆስሎ መጣ። ገና ጢም እንኳ በቅጡ ያላወጣ ልጅ። የእግሩ ቁስል መግል ይዞ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤታችን በቁስሉ ሽታ ታፈነ። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረኝ፦ መድኃኒት ካልተገኘ እግሩ ይቆረጣል። «እግሬን ከምትቆርጡ ግደሉኝ» እያለ ያለቅሳል ወንድሜ። እናት የለችን፣ አባት የለን። ከእኔ በቀር ማን አለው?

ለፍተሻው ቅጠል ከሚያመጡት መሀል አንድ የሸቤ ሽማግሌ መድኃኒተኛ ነበሩ። እሳቸው ግን ወቅጠው፣ ሊጥ አድርገው፣ በኮባ ጠቅልለው ነው የሚያመጡት፤ ቅጠሉ ምን እንደሆነ አይለይም። «አባባ፣ ስሙ ማነው?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ። በሽተኛው ሳይድን ስሙ ከተጠራ መድኃኒቱ ይረክስበታል።»

ከወንድሜ መግል ወስጄ ሳህን ላይ ዘራሁና የሳቸውን ጭማቂ አሳረፍኩበት። በማግስቱ ስከፍተው፣ በስመ አብ! ዙሪያው የታጠበ ይመስል ጠርቷል። ለማነጻጸሪያ ባዶውን ባስቀመጥኩት አልኮል ዙሪያ ግን ጀርሙ እንደ ጉድ በቅሏል። የገደለው ቅጠሉ ነው ማለት ነው። ብቻዬን እልል አልኩ። ሽማግሌውን ቤት ወሰድኳቸው፤ ቁስሉን አጥበው «ቢስሚላህ» ብለው ሊጡን ለጠፉበት። እየዋለ ሲያድር ሽታው ቀነሰ፣ ትኩሳቱ በረደ፣ ወንድሜ «ራበኝ» አለ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ለአብዮት በዓል የሚያቀርበው ግኝት ይፈልግ ነበርና ውጤቱን ሲሰማ የቅጠሉን ስም ጠየቀ። ሽማግሌው አልናገር አሉ። «የሕዝብ ሀብት የሚደብቅ አድኃሪ!» ብሎ ቀበሌ አሳሰራቸው።

የወንድሜ መድኃኒት አለቀ። እስር ቤት ሄጄ ፊታቸው አብጦ አገኘኋቸው። «አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ስሙን ይንገሯቸውና ይውጡ፤ ልጁ ሊሞትብኝ ነው» አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝና «እሺ» አሉ። ለካድሬው ስም ነገሩት፤ ቅጠሉ እስኪፈተሽ ግን አልለቀቋቸውም።

ቅጠሉ ከሸቤ ጫካ በመኪና ተጭኖ መጣ። ወቀጥኩት፣ ፈተሽኩት። ሳህኑን ስከፍት ጀርሙ ከዳር እስከ ዳር ወርሶታል። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» አለኝ ካድሬው። ደግሜ ፈተሽኩ፣ ያው ነው። እኛ እዚያ ስንወቅጥ የወንድሜ እግር ጠቆረ። ቆረጡት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌውን «የማይረባ ጠንቋይ» ብለው ለቀቋቸው። አንድ ቀን ጠዋት እያነከሱ ደጃችን ደረሱ። በእጃቸው በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ኢንተላ ኮ፣ ስሙን አልጠራሁትም» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው። «ገረፉኝ፣ ሌላ ስም ሰጠኋቸው እንጂ እሱን አልጠራሁም። የልጁ መድኃኒት አልረከሰም። እንኪ!»

ልስደባቸው ወይስ ልሳማቸው? «ይግቡ አባባ» ብቻ አልኳቸው። ገብተው የወንድሜን ብርድ ልብስ አዩት፤ ባንድ በኩል ከጉልበት በታች ባዶ ነው። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ አለቀሱ።

ኋላ «እንግዲህማ ምን ቀረው» ብለው ስሙን ነገሩኝ። ከራሳችን አጥር ሥር የበቀለ ነው።